ማሽላው ውስጥ የጠፋው ጠገራ

ልጅ ሳለሁ፣ ከቆቦ ወረድ ብሎ ባለው ማሽላችን መሃል፣ ከማማው ሥር አመሻሽ ላይ እሳት ይነድ ነበር። ያኔ ማሽላው ፍሬ ከያዘ ወዲያ ቤተሰቡ ሁሉ የሚያስበው ስለ ግሪሳ ወፍ ብቻ ነው፤ ደመና መስሎ መጥቶ የዓመት ልፋትን ባንድ ጠዋት ባዶ አገዳ አድርጎት ይሄዳል። የአባቴ አባት አባ ይመር ጉልበታቸው ማማ መውጣት ስለከለከላቸው፣ ከታች ተቀምጠው ፍሙን እየቆሰቆሱ ለእኔ ተረት ይነግሩኝ ነበር።

አባቴ አንድ ዓመት ከቆቦ ቪዲዮ ቤት የተጣሉ ሲዲዎች ለምኖ አምጥቶ፣ በሲባጎ እያሰረ በእርሻው ዙሪያ ሰቀላቸው። ንፋስ ሲነካቸው ብልጭ ብልጭ ይላሉ። አባ ይመር «የዘፈን ሳህን» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። ወፎቹም በሳምንቱ ለመዷቸው። አባቴ እራት መብላት ተወ፤ «ግሪሳው አንድ ጊዜ ከተመለሰ አለቀልን» ሲል ሰምቼ እኔም እህል አልወርድልሽ አለኝ።

በዚያው ሰሞን ነው አባ ይመር ያን ተረት የነገሩኝ። አንዲት ሙሽራ፣ ግሪሳ የአባቷን እርሻ ሲወር፣ የብር ጠገራዋን ከአንገቷ ፈትታ ወደ ፀሐይ ብታነሳው፣ ወፎቹ ሁለተኛ ፀሐይ የወጣ መስሏቸው እስከ አፋር በረሃ ድረስ ሸሹ አሉ። ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ ሳልጨፍን ሰማኋቸው። ለእሳቸው ማምሻ ወሬ ነበር፤ እኔ ግን መላ የተገኘ መሰለኝ።

እናቴ ከእናቷ የወረሰችው አንድ ጠገራ ነበራት፤ ክብ፣ ከበድ ያለ፣ አንገት ላይ ከመዋል ብዛት ፊቱ የለሰለሰ። ከአጨዳ በኋላ ለምትዳረው ለታላቅ እህቴ ተብሎ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በማግስቱ ሰርቄ አወጣሁትና ማማው ላይ እንደ ሲዲዎቹ በክር አሰርኩት። ረፋድ ላይ ንፋስ ተነሳ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ክሩ ብቻ ይወዛወዛል።

ማሽላው ውስጥ እየዳሁ ስፈልግ አባ ይመር አገኙኝ፤ እያለቀስኩ ነገርኳቸው። «አብሽሪ፣ አይጠፋም» ብለው በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ከጎኔ ተንበረከኩ። እስኪመሽ ዳበስን። ማሽላው ታጭዶም ጠገራው አልተገኘም። ግሪሳው ያን ዓመት አልተመለሰም፤ እኔ ግን እናቴ ወደ ሳጥኑ ጠጋ ባለች ቁጥር ወደ ውጭ እሮጥ ስለነበር ደስታውን አላየሁትም።

የሠርጉ ሳምንት ደረሰ። እናቴ ሳጥኑን ከፍታ ጮኸች። አባ ይመር ከበሩ ሆነው፣ «እኔ ነኝ። አንጥረኛ ይወልውለው ብዬ ስወስደው መንገድ ላይ ጣልሁት» አሉ። አማቷን ምን ትበላቸው? ሳጥኑን መልሳ ዘጋችው። እኔም እውነቱን አላወጣሁም። እህቴ በባዶ አንገት ተዳረች።

አባ ይመር ካለፉ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔም ልጆች ወልጄ፣ አንድ ቀን እናቴ እግር ሥር ተቀምጬ «አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» ብዬ ሁሉንም ነገርኳት።

«ኧረ አውቃለሁ» አለችኝ። «ያን ሁሉ ተረት ሲያወሩ የኖሩ ሰው፣ ወላሂ ያችን አንዲት ውሸት አሳምረው መናገር አቃታቸው። ላባቸው ጠብ ጠብ ሲል አይቻለሁ። አንቺም ወደ ሳጥኑ በተጠጋሁ ቁጥር ትሸሺ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳትጠይቂኝ?»

«ራስሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠበቅሁሻ።»

ተረቱን ዛሬ ለልጆቼ ስነግራቸው ግማሹ ይጠፋብኛል፤ ያ መልሷ ግን አንድም ቃል አልጠፋብኝም። ያን ሁሉ ዘመን እኔ ስፈራት እሷ ስትጠብቀኝ ኖረናል። አሁን ከልጆቼ አንዱ ዝም ካለ ቶሎ ብዬ «ምን ሆንክ?» እላለሁ፤ እንደሷ መጠበቅ አልችልም።