በረዶ የጣለ ዕለት ለአቦይ የተረጎምኩላቸው

ቅዳሜ ከሰዓት ነው... የአቦይን ምሳ ይዤ የፈረንጆቹ ሰፈር ቪላጆ ጀኒዮ ስደርስ በረዶ መጣል ጀመረ። የአስመራን የሐምሌ በረዶ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጃንጥላ አይመክተውም።

አቦይ አባቴ ናቸው። ድሮ በአንድ ማተሚያ ቤት የትግርኛ ጋዜጣ ፊደል ለቃሚ ነበሩ። ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ጽሑፍ ሁሉ በአማርኛ ይሁን ሲባል ጋዜጣው ቆመ፤ አቦይም ቤት ዋሉ። እኔ ደግሞ በዚያው አማርኛ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ተቀጠርኩ። ስለዚህ ነገር ቤት ውስጥ አናወራም ነበር። ኋላ ላይ አቦይ የአንድ አሜሪካዊ ሳጅን ቪላ ዘበኛ ሆኑ።

ግቢው ውስጥ አንዲት ሩሎት ቆማለች። ሳጅኑ ወደ ምጽዋ ሲወርድ በመኪናው የሚጎትታት፣ አልጋና ጠረጴዛ ያላት ትንሽ የቆርቆሮ ቤት ናት። አሮጌ ቴሌቪዥኑንም እዚያ አስገብቶታል። ዝናብ ሲጥል አቦይ እዚያ ተጠልለው ቴሌቪዥን እንዲያዩ ፈቅዶላቸዋል። ወደ ቪላው መግባት ግን ክልክል ነው። አቦይ በሁለት ዓመት ውስጥ ደፉን ረግጠው አያውቁም።

ሳጅኑና ሚስቱ ወጥተው ነበር። እኔና አቦይ ሩሎቷ ውስጥ ገባን። ልብስ አጣቢዋ አደይ ለተብርሃንም ከገመድ ላይ የሰበሰቡትን አንሶላ ታቅፈው ተከተሉን። ሦስታችንም ጉልበታችን እየተነካካ ተቀመጥን። በረዶው ጣሪያውን ሲደበድበው ምንም አልሰማ ስላለን፣ አቦይ የቴሌቪዥኑን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረጉት።

አሜሪካኖቹ ከጦር ሰፈራቸው ለራሳቸው የሚያሰራጩት ፕሮግራም ነው፤ እንግሊዝኛ ብቻ። እኔ ትምህርት ቤት ስለተማርኩት ይገባኛል፤ አቦይ ግን አይሰሙትም። ያን ሰዓት አዲስ ለሚመጡ ቤተሰቦች ስለ ከተማችን የተዘጋጀ ፊልም ነበር። ገበያው ታየ... ጋሪዎች ታዩ... ከዚያ የኛ ሰፈር፣ የዓባ ሻውል ጠባብ መንገድ። አደይ ለተብርሃን የሚያውቁትን ቤት ሁሉ በጣታቸው ያሳዩናል።

ድንገት አቦይ ራሳቸው ብቅ አሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ፈገግ ብለው፣ የዚህኑ ግቢ በር ይከፍታሉ። ከወራት በፊት ካሜራ የያዙ ሰዎች መጥተው በሩን ሦስት ጊዜ እንዳስከፈቷቸው ሲነግሩን ማናችንም አላመንናቸውም ነበር።

ተናጋሪው ድምፁ ለስላሳ ነው። የዘበኞችና የሠራተኞች ፈገግታ አያታልላችሁ፣ እጃቸው አመል አለበት ይላል። ቁም ሣጥናችሁን ቆልፉ፤ ንጽሕና ስለማያውቁ ልጆቻችሁን እንዳይነኩ፤ ከበር ወዲያ አታስገቧቸው።

አቦይ ዐይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ ጠየቁኝ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ስለ እኔ ምን ይላል?»

ፊታቸው በርቷል። ጋዜጣው ከቆመ ወዲህ እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

«ታማኞች ናቸው ይላል» አልኳቸው። «ቤታችሁን እንደ ቤተሰብ አምናችሁ ስጧቸው ይላል።»

አደይ ለተብርሃን ቀና ብለው አዩኝ። ዐሥር ዓመት አሜሪካኖች ቤት ሠርተዋል፤ እንግሊዝኛው ይገባቸዋል። ግን አንሶላቸውን ማጠፍ ቀጠሉ።

ትንሽ ቆይቶ ነፋሱ የቪላውን የመኝታ ቤት መስኮት በረገደው። ዝናቡና በረዶው ወደ ውስጥ ሲገባ ከተቀመጥንበት ይታያል። ሌላ ጊዜ ቢሆን አቦይ ከንፈራቸውን መጠው ይቀመጡ ነበር። ያን ቀን ግን ተነሡ። አደይ ለተብርሃን እኔ ልዝጋው ቢሏቸው፣ መስኮቱ ለሴት ይከብዳል ብለው እምቢ አሉ። ሰው እያመነህ ንብረቱ ሲበላሽ ቁጭ ብለህ አታይም አሉ።

እውነቱን ለመናገር የቀረኝ ጊዜ ያ ነበር። የሩሎቷን በር ከፈትኩላቸው።

በኩሽናው በር፣ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። መስኮቱን ከዘጉ በኋላ ተንበርክከው ወለሉን ማድረቅ ያዙ። መኪናው ግቢ ሲገባ እንኳን በዝናቡ ድምፅ አልሰሙትም። የሳጅኑ ሚስት ክፍሉ ውስጥ ያገኘቻቸው አንድ እጃቸው ላይ ጨርቅ፣ በሌላው እጃቸው እንዳይረጥብ ከመስኮቱ ሥር ያነሡትን የጌጥ ሣጥኗን ይዘው ነው።

ሳጅኑ እንዳስተረጉም ጠራኝ። አልጮኸም። እዚህ መግባት እንደሌለበት ያውቃል፣ ዕቃውን ይዞ አሁኑኑ ይሂድ አለ። ይህንን አንድም ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩላቸው። አደይ ለተብርሃን አንሶላቸውን እንደታቀፉ ኩሽናው በር ላይ ቆመዋል። አራት ልጆች ያሳድጋሉ... አንሶላውን ይዘው ወደ ኩሽናው ገቡ።

አቦይ በባዶ እግራቸው ነበሩ። ከሱሪያቸው ውሃ ይንጠባጠባል።

«ንገሪው» አሉኝ። «የራሳችሁ ቴሌቪዥን እመኗቸው ብሏል በይው።»

ሳጅኑ ወደ እኔ ዞሮ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። ይቅርታ እየጠየቀ ነው አልኩት፣ በእንግሊዝኛ።

እስከ ዓባ ሻውል በእግራችን ሄድን። በረዶው መንገድ ዳር እንደ ጨው ተከምሯል። ምሳቸውን አልበሉም፤ ምሳ ዕቃውን እኔ ይዤዋለሁ። ብዙ ከሄድን በኋላ አቦይ ቆም አሉ።

«ያልኩሽን ነገርሽው?»

«ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

«ዝም አለ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አፍሮ ነው» አሉ፣ መንገዳቸውንም ቀጠሉ።

አቦይ እስኪሞቱ ድረስ ሳጅኑን እንዳሳፈሩት ያምኑ ነበር... ከዚያ ግቢ አፍሮ የወጣ ሰው ቢኖር ግን እኔ ብቻ ነኝ።