አባቴ ይመስለኛል

የተማርኩበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከአየር ጤና ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ጋራዦቹ ሲያልቁ በሚጀምረው ዳገት ላይ ነበር። ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለን ከታች «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» የሚለው የታክሲ ጥሪ ይሰማን ነበር። ነፋሱ ወደ እኛ ሲዞር ደግሞ የመኪና ቀለም ሽታ ይመጣና ቲቸር መስኮቱን ታስዘጋናለች። ዛሬ በዚያ በኩል ሳልፍ ግቢው በሕንፃ ተከቦ በጣም ትንሽ ሆኖ ይታየኛል። ያኔ ግን ከበሩ እስከ አራተኛ ክፍል ያለውን መንገድ ሮጬ አልጨርሰውም ነበር።

በሩ ላይ አንዲት ሴት ጥበቃ ነበሩ። «እትዬ» ነበር የምንላቸው። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ በጋ ከክረምት ሰማያዊ ካፖርታቸውን የማያወልቁ፣ በሰላሙ ጊዜ በአማርኛ፣ ሲቆጡ ግን በኦሮምኛ የሚናገሩ ሴት ናቸው። ጠዋት ጠዋት አንድ በአንድ እያዩ ያስገቡናል። ያለቀሰ ልጅ ካለ ያስቆሙታል፤ ያነከሰ ካለ ጫማውን አስወልቀው ያያሉ። አንድ ጊዜ አንዲት የክፍሌ ልጅ ቁርስ ሳትበላ መምጣቷን ከፊቷ አውቀው፣ ከራሳቸው ምሳ ዕቃ ቆርሰው ሰጥተዋት ሲያበቁ «ለማንም እንዳትናገሪ» ብለዋታል። ልጅቷ ግን በእረፍት ሰዓት ለሁላችንም ነገረችን።

ማታ ስንወጣ ደግሞ ያለ ካርድ ልጅ አይሰጡም። የወላጅ ካርድ የሚባል በፕላስቲክ የታሸገ ወረቀት ነበር። ባንድ በኩል የልጁ ፎቶ፣ በሌላው በኩል ልጁን መውሰድ የሚችሉት የሁለት ሰዎች ፎቶ አለበት። እትዬ የሁላችንንም እናቶች ባረማመዳቸው ይለያሉ፤ ቢሆንም «ካርድ» ይላሉ። ዳይሬክተሯ የእህታቸውን ልጅ ይዘው ሊወጡ ሲሉ እንኳ አስቁመዋቸው፣ ዳይሬክተሯ ቢሮ ተመልሰው ካርዱን ይዘው መጡ ይባል ነበር። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። እኛ ግን አምነን፣ በእረፍት ሰዓት አንዳችን እትዬ አንዳችን ዳይሬክተር እየሆንን እንጫወተው ነበር።

የክፍል ኃላፊያችን ቲቸር ደግሞ አርብ አርብ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ከማናውቀው ሰው ጋር እንዳንሄድ ለማስተማር ትሰጠው ነበር። አንዱን ልጅ የማያውቁት ሰው ታደርገዋለች፤ ሌላዋን ብቻዋን የቆመች ተማሪ። «እናትሽ ታማ ሆስፒታል ገብታለች፣ ነይ ልውሰድሽ» ይላል ሰውየው። ሁላችንም ሰውየውን መሆን ነበር የምንፈልገው፤ ድምፅ ማወፈሩና እንደ ትልቅ ሰው መራመዱ ደስ ስለሚለን። እኔ አንዴ ደርሶኝ በጣም ስላጓራሁ ክፍሉ በሳቅ ፈርሷል። ቲቸር ስቃ ስትጨርስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትነግረናለች።

«እርግጠኛ ካልሆናችሁ እርግጠኛ አይደለሁም በሉ። ማንም አይቆጣችሁም። ማጣራቱ የኛ ሥራ ነው።»

በኔ ካርድ ላይ የነበሩት እናቴና ጎረቤታችን ናቸው። አባቴ የለበትም። አባቴ የመንገድ ሥራ ማሽን ኦፕሬተር ነው፤ ግሬደር ነው የሚነዳው። ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ በስተደቡብ ምዕራብ ወዳለ ሩቅ ፕሮጀክት «ለስድስት ወር» ብሎ ሄደ። ስድስቱ ወር ዓመት ሆነ፤ ዓመቱም ሁለት ሊሞላ ተቃረበ። ኔትወርክ ሲያገኝ ይደውላል፤ እናቴ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ታደርግልኛለች፤ እኔም ስላመጣሁት ማርክ እነግረዋለሁ። ፊቱን ግን እየረሳሁት ስለመጣሁ የማውቀው ከቴሌቪዥኑ በላይ ከተሰቀለው ፎቶ ነበር። ፎቶው ላይ ጺሙን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ፣ ጉንጩ ሞላ ያለ፣ ሱፍ የለበሰ ሰው ነው።

አራተኛ ክፍል ስደርስ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት ተደውሎ ብዙዎቹ ልጆች ወጥተዋል። ጎረቤታችን ያን ሳምንት ለቅሶ አገር ቤት ሄዳ ስለነበር እኔ እናቴን እጠብቃለሁ። እናቴ አየር ጤና ትንሽ ሱቅ ተከራይታ መጋረጃ ትሰፋ ነበር፤ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት አትመጣም። እንደኔ ወላጅ የሚዘገይባቸው አራት አምስት ልጆች በሩ አጠገብ ባለው የቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ተቀምጠን የቤት ሥራ እንሠራ ነበር። ያኔ ከበሩ ውጭ ስሜ ሲጠራ ሰማሁ። ትምህርት ቤት የምጠራበት ስም ሳይሆን ቤት ውስጥ ብቻ የምጠራበት ነው።

ቀና ስል በብረቱ በር ፍርግርግ በኩል አንድ ሰው ቆሟል። ቀጭን፣ ፀሐይ ያጠቆረው፣ ጺሙ አገጩን የሸፈነ፣ ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ የለበሰ ሰው። በአንድ እጁ ሻንጣ፣ በሌላው ቢጫ ጄሪካን ይዟል።

«ደህና ዋሉ እናቴ» አላቸው እትዬን። «ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ካርድዎን ያሳዩኝ።»

«ካርድ የለኝም። ከመንገድ መግባቴ ነው፤ አሁን ነው ከአውቶቡስ የወረድኩት። ቤት ሳልደርስ ልያት ብዬ ነው።»

«እንግዲያው ትንሽ ይታገሡኝ።»

እትዬ በሩን ሳይከፍቱ ወደኔ መጡ። ትከሻዬን ይዘው ከሰውየው ጥቂት ራቅ ብለን ቆምን። ጎንበስ አሉና «የኔ ልጅ፣ ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?» አሉኝ።

አየሁት። ድምፁ በስልክ የማውቀው ድምፅ ነበር። ዓይኑንም የማውቀው መሰለኝ። ግን ጺሙ፣ ክሳቱ፣ አቧራው... ከቴሌቪዥኑ በላይ ካለው ሰው ጋር ላገጣጥመው ብሞክር እምቢ አለኝ። ቲቸር አርብ አርብ የምትለን ነገር ትዝ አለኝ። «አዎ» ብዬ ብሳሳትስ? «አይደለም» ብዬ ብሳሳትስ?

«አባቴ... ይመስለኛል» አልኩ።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር የተናገርኩት፤ ቢሆንም ሰምቷል። ጄሪካኑን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ይመስለኛል?» አለ። እኔን አልነበረም የሚጠይቀው።

ከዚያ ተቆጣ። የበሩን ብረት በሁለት እጁ ጨበጠና «የገዛ ልጄን ነው የምትከለክሉኝ? ሁለት ቀን ሙሉ መንገድ ላይ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። የተማሪዎችን ሥርዓት የሚከታተሉት ዩኒት ሊደራችን ጩኸቱን ሰምተው ከቢሮ መጡ። ረጅም፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። አባቴ መታወቂያውን በፍርግርጉ አሳልፎ ሰጣቸው፤ አገላብጠው አዩት።

«ስሙ ይገጥማል» አሉ ወደ እትዬ ዞረው።

«ስሙማ ይገጥማል» አሉ እትዬ። «የእናትየው ቃል ግን የለንም።»

ዩኒት ሊደሩ እናቴ ጋ ደወሉ፤ አታነሳም። የስፌት መኪናዋ ላይ ከተቀመጠች ስልክ አይሰማትም። የጽዳት ሠራተኛዋን ሄደሽ ጥሪያት ብለው ወደ ሱቋ ላኳት። ከዚያ ወደ በሩ ተጠግተው አባቴን በለሆሳስ አነጋገሩት።

«ወንድሜ፣ አባትነትዎን አልካድንም። ይቺን ልጅ ያስረከበችን እናቷ ናት፤ እሷ ሳታውቅ ለማንም አንሰጥም። እርስዎ ሩቅ አገር ሳሉ አንድ ሰው መጥቶ አባቷ ነኝ ቢለን ምን ብናደርግ ደስ ይልዎት ነበር?»

አባቴ ብረቱን ለቀቀና እጁን ሱሪው ላይ ጠራረገ። እትዬ ትንሿን በር ከፍተው የራሳቸውን ወንበር ወደ ውጭ አወጡለት፤ ቀጥለው በላስቲክ ኩባያ ውኃ ሰጡት። በሩን ግን መልሰው ዘጉት። እኔ ከውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ እሱ ከውጭ ወንበሩ ላይ። በመሀላችን ፍርግርጉ፣ ከጎኔ እትዬ ቆመዋል።

ያስቀየምኩት መስሎኝ ጫማዬን ነበር የማየው። ኋላ ግን እሱ ራሱ ወሬ ጀመረ።

«ያ የወለቀው ጥርስሽ በቀለ?»

ከንፈሬን ገልጬ አሳየሁት።

«ጎሽ። ያን ቀን ስንት ጊዜ እንደወረወርነው ታስታውሻለሽ? ጣሪያው ላይ ልንጥለው ብለን፣ ቆርቆሮው እያንሸራተተ ሦስት ጊዜ መለሰልን።»

«አራተኛው ላይ ጎረቤት ግቢ ገባ» አልኩ ሳላስበው።

«ገባና?»

«ዶሮዋ ዋጠችው!»

አባቴ ሳቀ። ሲስቅ አንገቱን ወደ ኋላ ይለጥጣል፤ ጺም የማይሸፍነው ነገር ነው። ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩና የእትዬን ካፖርት ጎተትኩ።

«እትዬ፣ አባቴ ነው! አሁን እርግጠኛ ነኝ!»

«ደስ ብሎኛል የኔ ልጅ» አሉ ፀጉሬን እየደባበሱ። «እስቲ እናትሽ ደግሞ ትምጣ።»

እናቴ የመጣችው እየሮጠች ነው። የስፌት ሜትሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ነጠላ ጫማዋ አንዱ ተበጥሶ በእጇ ይዛዋለች። የጽዳት ሠራተኛዋ «አንድ ሰው ልጅሽን ሊወስድ መጥቷል» ብቻ ብላት ኖሮ ያን ሁሉ ዳገት እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። አባቴ ከወንበሩ ተነሣ። መጀመሪያ በያዘችው ጫማ ደረቱን መታችው። ከዚያ ደረቱ ላይ ተደግፋ አለቀሰች።

«ሰው ሲመጣ አይደውልም? አንተ ሰውዬ፣ አይደወልም?»

«ድንገት ላስደስታችሁ ብዬ ነው» አለ አባቴ።

እትዬ፣ እናቴና አባቴ እስኪያበቁ ጠበቁ። ሲያበቁ ግን ምን እንዳሉ እስከ ዛሬ እናቴ እየሳቀች ታወራዋለች። «እንኳን ደስ አላችሁ» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። «ካርድ።» እናቴ ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየቻቸው። ከዚያ በሩ ተከፈተ።

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ ቦርሳዬን ተሸክሞልኝ እኔ መሀላቸው ነበርኩ። የጋራዦቹን መንገድ ስንጨርስ እጄን ጨበጥ አደረገ።

«ዛሬ ያልሽው ልክ ነው። እንዳታዝኚ» አለኝ። ትንሽ ከሄድን በኋላ ደግሞ፣ «ሁለተኛ ግን ‹ይመስለኛል› እንድትይ አላደርግሽም» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ተላጭቶ፣ ፎቶ ቤት ገብቶ ጉርድ ፎቶ ተነሥቶ አብሮኝ መጣ። ካርዴ ላይ ሦስተኛ ፎቶ እንዲጨመርለት ዩኒት ሊደሩን ለመነ፤ እሳቸውም በጎረቤታችን ቦታ አደረጉት። ለእትዬ ከጄሪካኑ የተቀዳ አንድ ጠርሙስ ማር ይዞላቸው ነበር። እምቢ አሉ። ከወላጅ ስጦታ አይቀበሉም። አባቴ ግራ ሲገባው፣ «ከፈለጉ ልጅዎን ቶሎ ቶሎ እየመጡ ይውሰዱ» አሉት። እሱም ሳቀ፤ በትከሻ ሰላም ተባብለው ተለያዩ።

አባቴ ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሆኖም ከዚያ ወዲያ በየሁለት ሦስት ወሩ ይመጣ ጀመር፤ ስድስተኛ ክፍል ስገባ ደግሞ እዚሁ እኛ ያለንበት ከተማ ውስጥ የመንገድ ሥራ አግኝቶ ጠቅልሎ ገባ። ደመወዙ እንደ በፊቱ አልነበረም። እናቴ አንድ ቀን ለምን እንደወሰነ ስትጠይቀው «ለልጄ ፎቶ ሆኜባት ነበር» ሲላት ሰምቻለሁ።

ስምንተኛ ክፍል ጨርሰን ካርዳችንን የምንመልስ ቀን፣ እትዬን ለመሰናበት በሩ ላይ ቆየሁ። ቁመቴ በልጧቸው ነበር። ስንት ዓመት በሆዴ የያዝኩትን ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ ያን ቀን አባቴ መሆኑን በእውነት አላወቁም ነበር?»

«አውቄያለሁ እንጂ» አሉ። «ገና ዳገቱን ሲወጣ ነው ያወቅኩት። ግንባርሽም አፍንጫሽም የሱ ነው።»

«ታዲያ ለምን?»

«አንድ ቀን በመልክ ከሰጠሁ፣ ሌላ ቀን ደግሞ በመልክ እሳሳታለሁ። ያ የምሳሳትበት ልጅ የማን እንደሚሆን አላውቅም።» ካርዴን ተቀበሉኝና የአራተኛ ክፍል ፎቶዬን አዩት። «ውኃውን ሰጥቼው በሩን መልሼ ስዘጋበት ግን ፊቱን እንዳላይ ዞሬ ነበር፤ አላየሽኝም?»

አላየሁም ነበር። ያን ጊዜ እኔ የማየው ጫማዬን ነበር። እንደዚያ ብዬ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም ሳቁና ሰማዩ ስለጠቆረ ዝናቡ ሳይመጣ እንድሄድ አዘዙኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ካርድ፣ ብቻዬን፣ ዳገቱን ወረድኩ።