ለወንድሜ የቀመስኩለት ውስኪ

ወንድሜ በሕይወት የቆየበት የመጨረሻ ቀን እንደ ሌላው ቀን ነው የጀመረው። ሻይ በፔርሙዝ፣ ዳቦ በፌስታል ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ሆዱን ቀዶ ሕክምና ሊያደርጉለት ስለነበር እንዳይበላ ተከልክሏል። ዳቦውን እኔና ታላቅ እህታችን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠን በላነው። እሱ እያንዳንዱን ቁራሽ በዓይኑ ይከተላል።

«ብሉ፣ ብሉ» አለን። «ነገ እኔ ስበላ ደግሞ እናንተ ቆማችሁ ታዩኛላችሁ።»

እኔ ቡታጅራ ነው የምኖረው። ወላጆቻችን ካለፉ በኋላ ያሳደገኝ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክጨርስ ያስተማረኝ እሱ ነው። አዲስ አበባ የመጣሁት ለእንግድነት ነበር። ለዚያውም ውስኪ ለመቅመስ። ይህን ስናገር ሰው ግራ ይጋባል፤ ስለዚህ ከዚያ ልጀምር።

ወንድሜ ግሮሰሪ ነበረው። ብዙ ዓመት ፒያሳ ሠርቶ፣ ቤቱ ሲፈርስ ወደ አፍንጮ በር ያዛወራት ጠባብ ግሮሰሪ ናት። አንድ ባንኮኒ፣ ጥቂት ዱካ፣ ከኋላ መደርደሪያ። ውስኪ በመለኪያ ይሸጣል፤ ግን አይቀምስም። ከራሱ መደርደሪያ ላለመጠጣት የወሰነው ሥራውን ሲጀምር ነው። «ዛሬ ከቀመስኩ ነገም እቀምሳለሁ፤ ከዚያ የግሮሰሪው ትልቁ ደንበኛ እኔ እሆናለሁ» ይል ነበር። ከሌላ ሰው መደርደሪያ ደግሞ እንዳይጠጣ፣ ግሮሰሪውን ጥሎ የሚወጣበት ጊዜ የለውም። እንዲህ ሆኖ ስንት ዓመት ያልቀመሰውን ሲሸጥ ኖረ። ደንበኛ ሁለት ጠርሙስ እያሳየ «የዚህና የዚያ ልዩነቱ ምንድን ነው?» ሲለው «ዋጋው» ብሎ ይመልሳል። ሰው ይስቃል። እሱ አብሮ ይስቃል እንጂ ነገሩ እንደሚከነክነው አውቃለሁ። በስልክ ነግሮኛል።

ታዲያ ፒያሳ ካሉት የድሮ ሆቴሎች አንዱ ውስጥ የስኮትላንድ ውስኪ ቅምሻ እንደሚኖር ሰማ። አስቀማሹ ስኮትላንድ ብዙ ዓመት የኖሩ፣ እዚያው ውስኪ በሚወጣበት ቤት የሚሠሩ ሐበሻ ናቸው ተባለ። ወንድሜ ሁለት ቦታ አስያዘ፤ አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለእኔ። «ና፣ አንድ ቀን እንኳ ሁለታችንም እንግዳ እንሁን» አለኝ። መጣሁ። በመጣሁ በማግስቱ ሆዱን ይዞ ወደቀ።

የቀዶ ሕክምናው ቀን ጠዋት፣ አልጋው አጠገብ ቆሜ ወደ ቅምሻው እንደማልሄድ ስነግረው ተቆጣ።

«እዚህ ኮሪደር ላይ ተገትረህ ምን ልትሠራ ነው? እህትህ አለች። ሂድና ቅመስልኝ። ነገ ጠዋት መጥተህ አንድ በአንድ ትነግረኛለህ።»

«እኔ እኮ መጠጥ አላውቅም።»

«ለዚህ እኮ ነው። የሚያውቅ ሰውማ ይዋሻል። ብቻ ‹ጥሩ ነው› ብለህ እንዳትመጣ። ጥሩ ነው ማለቱን እኔም እችላለሁ።»

እህቴ ከቀዶ ሕክምናው ሲወጣ እንደምትደውልልኝ ቃል ገባች። ስልኬን ቻርጅ አድርጌ ወጣሁ።

ቅምሻው ላይ የወንድሜን ቦታ የያዘው ግሮሰሪው ውስጥ አብሮት የሚሠራው ጓደኛው ነው። ፒያሳ ተወልዶ ፒያሳ ያደገ፣ አፉ የማያርፍ ሰው። ከመጣሁ ጀምሮ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ ፋራው ነው የሚለኝ። የሆቴሉን የእንጨት ደረጃ ስንወጣ እንኳ «ፋራው፣ ደረጃው ይጮሃል እንጂ አይነክስም» አለኝ።

አዳራሹ ትንሽ ነው። መስኮቱ አዲስ የሰፋውን መንገድ ያያል። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ በየሰዉ ፊት ሆዳቸው ሰፋ፣ አፋቸው ጠበብ ያለ አራት አራት ብርጭቆ። ሆቴሉ ውስጥ ያረፉ ሁለት ፈረንጆች፣ የተቀሩት እንደ ወንድሜ ያሉ ነጋዴዎች። እኔ ስልኬን ብርጭቆዎቹ አጠገብ አስቀመጥኩ።

አስቀማሹ ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ። «መጀመሪያ አትጠጡም» አሉ። «ታሸታላችሁ። አፋችሁን ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ፣ ቀስ ብላችሁ።»

አፌን ከፍቼ አሸተትኩ።

«ፋራው፣ ክፈት ተባለ እንጂ ዝንብ ያዝ አልተባለም።»

ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። አስቀማሹ ውስኪው እንዴት እንደሚሠራ ነገሩን። ገብስ ይነከራል፣ ይበቅላል፣ ብቅሉ ይጠመቃል፣ ከዚያ እንደ አረቄ ይወጣል፣ በመጨረሻ በእንጨት በርሜል ለዓመታት ይተኛል።

«ይቅርታ ጋሼ» አለ የወንድሜ ጓደኛ፤ «ታዲያ ይሄ አረቄ አይደለም እንዴ?»

«አረቄ ነው። መተኛት የተፈቀደለት አረቄ።»

«እኛ ሰፈር የሚተኛው ጠጪው ነዋ!»

እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ጠረጴዛው መሐል ያለውን ትንሽ ባልዲ አሳዩን። መዋጥ ግዴታ አይደለም፤ አጣጥሞ እዚያ መትፋት ይቻላል አሉ። ሐበሻው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ።

«ጋሼ፣ ፒያሳ ላይ ውስኪ የተፋ ሰው ሰፈር መቀየር አለበት» አለ ጓደኛው።

ከፈረንጆቹ በስተቀር ማንም አልተፋም። አንደኛውን ቀመስኩ። ሁለተኛውን ቀመስኩ። ያገኘሁትን ጣዕም እንዳይጠፋኝ በልቤ ደጋገምኩ። በየመሐሉ ስልኬን አያለሁ። ቀዶ ሕክምናው እስከዚያ ማለቅ ነበረበት።

ስልክ ጮኸ። የእኔ አይደለም፤ የጓደኛው ነው። አየውና ተነስቶ ወጣ። በሩ በደንብ ስላልተዘጋ ደረጃው ላይ ቆሞ ጀርባው ይታየኛል። አይናገርም። ይሰማል ብቻ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ተነሳ።

ሲመለስ ፊቱን ታጥቧል። የሸሚዙ ኮሌታ ረጥቧል። «ማነው?» አልኩት።

«ከግሮሰሪው ነው። ቢራ አልቆ።»

ሦስተኛውን ብርጭቆ አነሳ፣ አፉ ውስጥ አደረገው፣ ባልዲውን ስቦ ተፋው። የሳቀ ሰው አልነበረም። እኔም ሦስተኛውን አፌ ውስጥ እንዳደረግኩ ክንዴን ያዘኝ።

«አትዋጠው። ትፋው።»

ዓይኔን አፈጠጥኩበት።

«ትፋው፣ ወንድሜ» አለኝ።

ወንድሜ። ፋራው አላለኝም። ተፋሁት።

«ስልክህን አውሰኝ እስቲ፤ የእኔ ባትሪ ጨርሷል።»

የራሱ ስልክ እጁ ላይ እየበራ ነው። ሰጠሁት። ማንም ጋር አልደወለም። አጠፋውና ጃኬቱ ውስጥ፣ በደረት ኪሱ አስገባው።

ይህን የሚያነብ ሐበሻ ከዚህ በላይ እንድነግረው አይፈልግም። መርዶ እንዲህ ነው። ማታ አይረዳም፣ መንገድ ላይ አይረዳም፣ በስልክ አይረዳም። ሰውየው ቤቱ ይገባል፣ ይበላል፣ ያርፋል፤ ሊነጋ ሲል ሽማግሌዎች መጥተው ይነግሩታል። ቡታጅራ የጎረቤታችን ልጅ ባሕር ማዶ ሲሞት የእናቱን ስልክ የደበቅኩት እኔ ነኝ። ራት በልታ እስክትጨርስ ፊቷ ተቀምጬ ወሬ አወራሁላት። ስለዚህ ስልክ ሲወሰድ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ጓደኛው ግን ማወቄን አያውቅም።

ለምን እንዳልጠየቅኩት ሰዎች ይጠይቁኛል። እንዴት እንደምለው... ካልጠየቅኩ ወንድሜ ገና አልጋው ላይ ነው። የቢራው ወሬ እውነት ሊሆን ይችላል። ባትሪውም። ነገ ጠዋት ሄጄ እነግረዋለሁ። ይህን ይዤ ወንበሩ ላይ ተጣብቄ ቀረሁ።

አስቀማሹ ወደ አራተኛው አለፉ።

«ይሄን ብዙ ሰው ሲያሸተው ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል ይለኛል። ፋሻ፣ የቁስል መድኃኒት። እውነታቸውን ነው። ብቅሉን የሚያደርቁት ከረግረግ በሚቆረጥ፣ ደርቆ እንደ ኩበት በሚነድ አፈር ጭስ ነው።»

ጓደኛው ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። «እንሂድ።»

«አልቀመስኩትም።»

«ይቅርብህ። በቃን።»

«አራት ናቸው። አራቱንም ንገረኝ ብሎኛል።»

ይህን ስል ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፤ ፈረንጆቹ ሳይቀሩ ዞሩ። ጓደኛው ቆሞ አየኝ። ከዚያ ተቀመጠና መዳፉን አፉ ላይ ጫነ። እኔ እንደተባልኩት አፌን ከፈት አድርጌ አሸተትኩ። ቀመስኩ። ይህንን አልተፋሁትም። አስቀማሹ ሁለት ጠብታ ውሃ ጨምሩበት ሲሉ ጨምሬ እንደገና ቀመስኩ።

ከዚያ ለመጠየቅ እጄን አወጣሁ።

«ጋሼ፣ የውዱና የርካሹ ልዩነት ምንድን ነው? ዋጋው ሳይሆን።»

«በአብዛኛው መጠበቅ ነው» አሉ። «ውዱን ብዙ ዓመት ጠብቀውታል። በርሜሉን የሞላው ሰው ብዙ ጊዜ ሲከፈት የለም። ወይ ጡረታ ወጥቷል፣ ወይ...»

የጓደኛውን ፊት አዩና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ተዉት።

ስንወጣ ገና አልጨለመም። ሆስፒታል እንሂድ አልኩት። «የጥየቃ ሰዓት አልፏል፤ አያስገቡንም። ነገ ጠዋት» አለኝ። ነገ ጠዋት። ክንዴን ሳይለቅ ምኒልክ አደባባይን አልፈን ጊዮርጊስ ደረስን። መንገዱ ላይ አንዲት ቀልድ ከአፉ አልወጣችም። ክትፎ ቤት አስገባኝ። እሱ አልነካም፤ እኔን ግን እየጠቀለለ ያጎርሰኛል።

«ብላ። በሞቴ ብላ።»

ብሎ ደነገጠ። በሞቴ ማለት ሁላችንም በቀን ስንት ጊዜ የምንለው ቃል ነው። እኔ አፌን ከፈትኩለት። ጠዋት የበላሁት ዳቦ ትዝ አለኝ። ወንድሜ ሲበላ ቆሜ የማየው ነገር ትዝ አለኝ። ክትፎውን ዋጥኩት፤ ካልበላሁ ማወቄን ያውቃል።

አፍንጮ በር የወንድሜ ግቢ ስንገባ በር ላይ የቆሙ ጎረቤቶች ወሬ አቆሙ። አንዷ «እንደምን ዋልክ የኔ ልጅ» ብላ ፊቷን አዞረች። ቤት ገብቼ የወንድሜ አልጋ ላይ ወጣሁ። ጓደኛው ወንበር ስቦ በሩ ላይ ተቀመጠ። እኔ የተኛሁ መሰልኩ፤ እሱም የማያለቅስ መሰለ። በልቤ አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው እላለሁ። ከሚቀጥለው ሐሳብ የሚያድነኝ ይህ ቆጠራ ብቻ ነበር።

ሊነጋጋ ሲል የግቢው በር ተከፈተ። የብዙ ሰው እግር ነው፤ ግን ማንም አያወራም። ሳያንኳኩ ተነስቼ ከፈትኩላቸው። የዕድሩ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከኋላቸው እህቴ ጥቁር ሻሽ አስራ፣ ሁለት ሴቶች ደግፈዋት።

«ልጄ፣ እንግዲህ...» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«አውቄዋለሁ አባባ» አልኳቸው።

ጓደኛው ከኋላዬ ጮኸ። ከዚያ ግቢው በሙሉ ጮኸ። ቀዶ ሕክምናው ሳያልቅ ልቡ መቆሙን እህቴ እያለቀሰች ነገረችኝ። የደወለችው ለእኔ ሳይሆን ለጓደኛው የሆነው ያለ ወግ መርዶ እንዳልሰማ ብላ ነው። ሁሉም ያደረጉት ለእኔ ብለው ነው። አልተቀየምኩም። ግን ሁሉም ሲያለቅስ እኔ ደረቅኩ። እንባ የለም፣ ድምፅ የለም።

ፀሐይ ስትወጣ አስከሬኑን በሳጥን ከሆስፒታል አመጡት። ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚ ላይ አሳረፉት። ሰው በየተራው እየቀረበ ያናግረዋል። እህቴ «ዳቦውን ሳትበላ» አለችው። አንድ የግሮሰሪው ደንበኛ ደረቱን እየመታ «ከእንግዲህ ማን ይቀዳልኛል» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ሴቶቹ ትከሻዬን እየገፉ «በል እንጂ፣ አንተም አናግረው፤ ውስጥህ አይቅር» አሉኝ።

ምን እላለሁ? ለተራዬ ይዤ የመጣሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሳጥኑ ላይ እጄን ጣልኩና ነገርኩት።

«አንደኛው ብቅል ብቅል ይላል። የጠላ ብቅል አይደለም፤ ማር የነካው ብቅል። ቶሎ ይጠፋል። ሁለተኛው ዘቢብ አለው። ጉሮሮ ላይ ይቆያል፣ አያቃጥልም። ሦስተኛውን...» ጓደኛውን አየሁት። «ሦስተኛውን ተፋሁት፤ አላወቅኩትም። ትንሽ ጨው ነገር ነበረው።»

ለቅሶው እየቀነሰ መጣ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ልጁን ነካ አደረገው ብለው ሳያስቡ አልቀሩም። ጓደኛው ግን መሬት ላይ እንደተቀመጠ ራሱን ይነቀንቃል፤ አዎ፣ አዎ እንደማለት።

«አራተኛው ሆስፒታል ሆስፒታል ይሸታል። መጀመሪያ ትጠላዋለህ። ሁለት ጠብታ ውሃ ጨምርበት። ያን ጊዜ ከጭሱ ሥር ሌላ ነገር ይመጣል፤ ጎመን ዘር የሚመስል፣ የተቆላ። ለሚጠይቅህ ደንበኛ ደግሞ ልዩነቱ ዋጋው አይደለም በለው። መጠበቅ ነው በለው።»

ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። ጥሩ ነው የሚለውን ቃል አንድ ጊዜም አላልኩትም።