አሥራ ሁለት የግራ እጆች

ይህ ነገር የገጠመኝ ከሁለት ዓመት በፊት፣ እዚሁ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ነው። ሰው ሲያመሰግነኝ እስከ ዛሬ የምሸማቀቀው በእሱ የተነሳ ነው።

የሥነ ጥበብ አስተማሪ ነኝ። የኔን ትምህርት ከቁም ነገር የሚቆጥረው የለም። ፈተና ሲቃረብ የሒሳቡ መምህር «አንተ ምን ቸገረህ፣ ሥዕል አይደል!» እያለ ክፍለ ጊዜዬን ይወስድብኛል። ቀለም የለ፣ ብሩሽ የለ፤ ከሰል እየፈጨንና ቀይ አፈር እየበጠበጥን ነው የምንሠራው። እኔ ደግሞ ስናደድም ደስ ሲለኝም አፌን መያዝ አላውቅበትም።

ስለ ዲዛይን ስንማር የሰባተኛ ክፍል ልጆችን «ከቤታችሁ የምታውቁትን ጌጥ ሠርታችሁ አምጡ» አልኳቸው። አብዛኞቹ የነጠላ ጥለትና የሰፌድ ጌጥ ሥለው መጡ። ከአርዲቦ በኩል በእግሯ የምትመላለስ ራህመት የምትባል ዝምተኛ ልጅ ግን ሒና ይዛ መጣች። እጇን ካርቶን ላይ አስቀምጣ ዙሪያውን ታሰምርና ውስጡን ለሙሽራ እንደሚደረገው በአበባና በሐረግ ትሞላዋለች። የምትሠራው በቀኟ ስለሆነ ሁሉም የግራ እጇ ነው። ማስመሪያ የሚባል አልነካችም። እኔ ስለ ድግግሞሽና ስለ ሚዛን ስለፈልፍ የከረምኩትን፣ እሷ ከጎረቤት ሠርግ ለቅማ ጨርሳዋለች! አበድኩ። ርዕሰ መምህሩን ከቢሮው ጎትቼ አምጥቼ አሳየሁት።

ዓመቱ ሲዘጋ፣ በወላጆች ቀን፣ አሥራ ሁለት እጆች በሲባጎ አያይዤ ኮሪደሩ ላይ ሰቀልኩ። ስሟንም በትልቁ ጻፍኩበት። ገበሬው አባቷ ጋሽ ሰይድ መጥተው ቆመው ሲያዩ፣ ሰውም ሲሰበሰብ፣ አፌ አመለጠኝ። «ጋሽ ሰይድ፣ ይችን እጅ ይዛ የትም አገር ብትሄድ ጦሟን አታድርም!» አልኩ፣ ሁሉም እየሰማ።

አጠገባቸው ልጆቿን ዐረብ አገር የላከች ጎረቤታቸው ነበረች። ስልኳን አውጥታ እያንዳንዱን ፎቶ አነሳች። እኔ ሞኙ ደስ ብሎኝ፣ ንፋስ እንዳያወዛውዝባት ሲባጎውን ወጥሬ ያዝኩላት።

መስከረም ላይ ስም ስጠራ ራህመት የለችም። ሁለት ሳምንት ጠብቄ ቅዳሜ ቀን ቤታቸው ሄድኩ። ጋሽ ሰይድ እጄን ጨብጠው አልለቅ አሉኝ።

«አላህ ይስጥህ ልጄ፣ ዓይናችንን ገለጥህልን! ያች ጎረቤታችን ስትወተውተኝ፣ ልጄ የሰው ቤት አትጠርግም እያልኩ ስንት ጊዜ መለስኳት። አሁን ፎቶውን ዐረብ አገር ብትልክ የሴቶች ውበት ሳሎን ተገኘላት። ሙሽራ ሒና መቀባት ነው ሥራዋ። ባለሙያ ሆና ነው የምትሄድ።»

ፓስፖርቷም ወጥቷል። ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ በወረቀቱ ግን ሃያ አንድ ሆናለች።

እጄን ከእጃቸው አላቀቅሁ። «ኧረ በአላህ ጋሽ ሰይድ፣ እኔ እንዲያ ማለቴ አይደለም! ትማር እንጂ!»

«አንተ አይደለህ እንዴ በሰው ፊት የመሰከርህላት?» አሉኝ፣ ግራ ገብቷቸው።

ተነስቼ ወጣሁ። ራህመት እስከ ደጅ ሸኘችኝ። «አብሽሩ ቲቸር፣ እዚያም ሆኜ እሥላለሁ» አለችኝ። እኔን ማጽናናቷ ነው እንግዲህ!

ርዕሰ መምህሩ ጋ ሮጥኩ፣ ቀበሌ ሄድኩ። «ወላጅ ፈቅዷል፤ ወረቀቱም ሃያ አንድ ይላል» አሉኝ። በሳምንቱ ሄደች።

ከአምስት ወር በኋላ በስልኬ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ሳሎን የሚባል ነገር አልነበረም። ሰባት ልጆች ያሉበት ቤት ነው ያስገቧት። «በረኪናው እጄን ላጠው ቲቸር፤ እርሳስ ስይዝ ያመኛል። ለአባዬ ግን በአላህ ትንፍሽ እንዳይሉ። ሳሎን ነኝ ብዬዋለሁ» ትላለች። ሦስቴ ደጋግሜ ሰማሁትና ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላልኩም። ጋሽ ሰይድ ገበያ ላይ ባገኙኝ ቁጥር በሰው ፊት ይመርቁኛል። እኔም «አሜን» እላለሁ። ልንገራቸው ብል አምናኝ የነገረችኝን ልጅ መክዳት ነው። ዝም ስል ደግሞ አብሬያት የምዋሽ እኔ ነኝ። ቢያውቁስ ከዚያ ቤት በምን ያወጧታል?

ዘንድሮ ታናሿን ዘሃራን ሰባተኛ ክፍል አስገቧት። ይዘዋት እኔ ድረስ መጥተው «ይችንም እንደ እህቷ አድርግልኝ» አሉኝ።

ባለፈው ሳምንት ዘሃራ ሥራዋን አሳየችኝ። ከእህቷ ትበልጣለች። ልጅቷ ዓይን ዓይኔን ታያለች። «ደህና ነው፣ ተቀመጪ» አልኳት። ወረቀቷን አጣጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ነገር አላሳየችኝም። አስተማሪ ሆኜ፣ ተማሪዬ መሣል እንዲያስጠላት እየጸለይኩ ነው። ሌላ መላ ቢኖረኝ ዛሬውኑ ባደረግሁት።