በበሩ አልገባ ያለው ማሽን

ሰፈርተኛው ሁሉ «ሳንቲም» ይለዋል። ቁመቱ እንኳ ሳንቲም አይደለም፤ አጎንብሶ ነው በር የሚያልፈው። ስሙ የወጣለት በልጅነቱ ጌም ቤት ደጃፍ ተገትሮ «ሳንቲም የተረፈው?» እያለ አላፊ አግዳሚውን ሲያስቸግር ነው። ዛሬ ፍሪጅ ጠጋኝ ሆኗል፣ ትዳር ይዟል። ልቡ ግን፣ ምን አለፋችሁ፣ እዚያው ጌም ቤት ቀርቷል። መብራቱ፣ ጫጫታው፣ ጓደኛ በክርኑ ጎኑን እየጎሸመ «በለው! በለው!» ሲለው። ጌም ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ እነዚያን ቁም ሳጥን የሚያካክሉ የጌም ማሽኖች ሰብስቦ ሳሎኑ ውስጥ መደርደር ነው ሕልሙ። «እኔንስ የት ልታደርገኝ ነው?» ትለዋለች ሚስቱ።

ትናንት የመጀመሪያውን አገኘ! ያውም ያንኑ በልጅነቱ የተጫወተበትን፣ ከድሮው ባለቤት መጋዘን። በጭነት መኪና አስጭኖ እየዘፈነ መጣ። በሩ ጋ ሲደርስ ጉድ ፈላ። ከጫኞቹ ጋር በቁመት ሞከሩት፣ በጎን ሞከሩት፣ አስተኙት፤ ወይ ፍንክች! ደንበኞቹን «ፍሪጅ ከመግዛታችሁ በፊት በራችሁን ለኩ» እያለ ሲመክር የሚውል ሰው የራሱን በር አልለካም። ሜትሩን ከኪሱ ያወጣው መኪናው ከሄደ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ማሽኑ ላስቲክ ለብሶ ግቢ አደረ። ሳጥኑ በሙጫ የተጣበቀ ስለሆነ ፈትቶ ማስገባት አይታሰብም። ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል። አንድ ዝናብ ከመታው አለቀለት። ሳንቲም ዛሬ ሥራ ውሎ ከአናጢ ጓደኛው መጋዝ ተዋሰ። ማሽኑን ሊቆርጠው ነው! መንገድ ላይ ዝናቡ ሲጀምር ሮጠ።

ግቢ ሲገባ ማሽኑ የለም። ላስቲኩ ብቻ መሬት ላይ ተጥሏል። ክው አለ።

«አበስኩ ገበርኩ! ለቆራሌው ሸጠችብኝ!»

ወደ ሳሎን ገባ። ዓይኑን ማመን አቃተው። የጎኑ ግድግዳ መኪና በሚያሳልፍ ስፋት ተበርግዷል፤ ጡቡ ወለሉ ላይ ተከምሯል፤ አንድ ግንበኛ ቀዳዳውን በሸራ እየጋረደ ነው። ማሽኑ ጠብታ ሳይነካው መሃል ላይ ተገትሯል። ሚስቱ ፊቷ አቧራ ለብሶ መጥረጊያ ይዛ ቆማለች።

ይህን ቤት በገዛ እጁ የገነባው አባቷ ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ እንኳን ግድግዳ ሊፈርስ፣ ሚስማር የመታ ሰው እንደሆነ እሷ ቤቱን ቀውጢ ታደርገዋለች።

«ምን ነካሽ?» አለ ሳንቲም። «የአባትሽን ግድግዳ!»

«ዝናቡ ሊመጣ ነው፣ በበሩ አይገባ፤ ታዲያ ምን ላድርግ?»

«የአባትሽ እጅ ያረፈበት እኮ ነው!»

«አውቃለሁ» አለች፤ ድምጿ ተሰበረ። «አባቴ ግን ሞቷል። አንተ ደግሞ ትናንት እንደ ልጅ ስታለቅስ ሰማሁህ።»

ሳንቲም መጋዙን ጥሎ ወለሉ ላይ ቁጭ አለና፣ እንባው እየወረደ፣ ጡቡን ይለቅም ጀመር።

«አንዷንም እንዳትጥላት» አለው ግንበኛውን። «መልሰን የምንገነባው በነዚሁ ነው።»