የተጎዳው ቦታ ላይ የቀረ ስም

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት አሰበ ተፈሪ ውስጥ ኮምፒዩተር የነበረው የቲቢ ፕሮጀክት ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። ኩራቴ ልክ አልነበረውም። ከመሰላ፣ ከቦኬና ከበደሳ የሚመጡትን ታማሚዎች ስም፣ ሰፈርና የመድኃኒት ቀን የምመዘግብ እኔ ነኝ። ቀኑ አልፎ ያልመጣ ሲኖር ስሙን ከዝርዝሩ አይተን ቤቱ ድረስ ድሬሰሩን፣ የጤና ረዳታችንን፣ እንልካለን። ዘመኑ ወረቀት የጠፋበት ስለነበር፣ መዝግቤ የጨረስኩት ካርድ በጀርባው መድኃኒት እየታዘዘበት ለታማሚ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ሌላ ቅጂ የለንም።

መብራታችን የጄኔሬተር ነው። የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ ለዙሁር፣ ለቀትር ሰላት ሲሄድ ያጠፋዋል። እኔም አዛን ስሰማ ምሳዬን እያሰብኩ እነሳለሁ እንጂ ማሽኑን በእጄ አጥፍቼው አላውቅም። ጄኔሬተሩ ሲቆም እሱም ይቆማል፤ ምን አደከመኝ? አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሠራሁ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ዝርዝሩን ልክፈት ስል ማሽኑ ጉርር፣ ጉርር ብሎ እምቢ አለኝ።

ከድሬዳዋ ባለሙያ ተጠራ። ቀጭን፣ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ኮታቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው «ቢስሚላህ» ብለው ተቀመጡና፣ «እህቴ፣ ይሄን ማሽን ማነው የሚያጠፋው?» አሉኝ።

«ጄኔሬተሩ።»

«አቦ!» አሉ ግንባራቸውን ይዘው። «እየጻፈ መብራት ከሄደበት ሃርድ ዲስኩ ለምን አይጎዳ!»

ከዚያ በኋላ አልተቆጡም፤ አስረዱኝ እንጂ። ዲስኩ በብዙ ትንንሽ ቦታዎች የተከፋፈለ ነው። የተጎዳው ቦታ አይጠገንም፤ ምልክት ይደረግበትና ማሽኑ ዳግም እዚያ አይጽፍም። የተሰበረ የአውቶቡስ ወንበር በሉት፤ መኪናው ይሄዳል፣ እዚያ ግን ማንም አይቀመጥም። ችግሩ፣ ከተዘጋ በኋላ ውስጡ የነበረውን ማግኘት ዘበት ነው።

በኋላ ዘመን ብዙ ቴክኒሻን አይቻለሁ። አብዛኛው ቶሎ ይዘጋና «አዝናለሁ» ይላል። እሳቸው ግን መጀመሪያ ደህናውን ሁሉ ወደ ፍሎፒ ገለበጡ። ቀጥሎ የተጎዳውን እያንዳንዱን ቦታ አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ደጋግመው አስነበቡት። ቁጥሩን በደብተር ይጽፋሉ፣ ይሞክራሉ፣ ሻያቸውን ፉት ይላሉ፣ ደግመው ይሞክራሉ። አንዳንዱ ቦታ ሲሰለቸው ነው መሰል ያለውን ይሰጣል። እንደዚያ ያለ ትዕግሥት በዕድሜዬ አላየሁም፤ ዛሬም ሳስታውሰው ደስ ይለኛል።

በሦስተኛው ቀን አንድ ቦታ ብቻ ቀረ። ከቅደም ተከተሉ የማን እንደሆነ አወቅሁ፦ ከቦኬ ወዲያ ከገጠር የምትመጣ፣ ልጅ ያዘለች ሴት። ቀኗ አልፏል፣ አልመጣችም። መልኳ ዓይኔ ላይ አለ፤ ስሟን ግን እኔም ድሬሰሩም አናስታውስም።

«ልዝጋው?» አሉኝ።

«እባክዎ አይዝጉት» አልኩ። እንባዬ መጣ።

አንዴ አዩኝና ወደ ማሽኑ ዞሩ። ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ያውቃሉ፤ አንዲት የወቀሳ ቃል ግን ከአፋቸው አልወጣችም። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ግማሽ መስመር ብቅ አለ። ስሟ ተበላሽቷል፤ የአባቷ ስምና የቀበሌዋ ግን ደህና ተነበበ። ወዲያው ጻፍኩት። ያኔ ነው ቦታውን የዘጉት።

በማግስቱ ቢሮ መቀመጥ ስላቃተኝ ከድሬሰሩ ጋር ሄድኩ። በአባቷ ስም እየጠየቅን ቤቷ ደረስን። ደጃፏ ላይ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ከስታለች፣ ትስላለች። መድኃኒቱን ተቀበለችኝና ፊቴን አየች።

«ቱርታን» አለችኝ። በኦሮምኛ ቆያችሁ ማለቷ ነው። እውነቷን ነበር።