ጋሼ ረዘነ የመረጡት ራውተር

ጋሼ ረዘነ ስለ ስልክ ሰው ሲያስተምራቸው አይወዱም። በወጣትነታቸው አሥራ አራት ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ የስልክ መስመር ሲዘረጉ ኖረዋል፤ ናይሮቢ ከመጡም ወዲህ የኢምባካሲ ሰፈርን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግኑ ነው ያረጁት። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ራውተር ለመግዛት ማንን ያማክራል? ማንንም አላማከሩም። ጉዱም የመጣው ከዚሁ ነው።

ልጃቸው ሮሃ ዌስትላንድስ ያለ ቢሮ ውስጥ ደንበኞችን በስልክ ታስተናግዳለች። የወሊድ ፈቃዷ ሊያልቅ ሲል አለቃዋ፣ «ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ የቤትሽን ኢንተርኔት እንፈትሻለን፤ ካለፈ ከቤት ትሠሪያለሽ፣ ካላለፈ ሰኞ ቢሮ ትገቢያለሽ» አላት። ሕፃኗ ናፍቆት ገና የአራት ወር ልጅ ናት፤ ጡጦ ደግሞ አሻፈረኝ ብላለች። ስለዚህ ፋይበር የሚባለውን የኢንተርኔት መስመር አስገቡ። ሠራተኞቹ ግድግዳው ላይ ትንሽ ነጭ ሳጥን ሰቅለው፣ ኢንተርኔቱን ለቤቱ የሚያዳርሰውን ራውተር ራሳችሁ ግዙ ብለው ሄዱ።

ጋሼ ረዘነ ኢስትሊ ሰፈር ካለው ከባንታየሁ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገቡ። ባለሱቁ፣ «የቤቱ መስመር ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ሳይጨርስ «ለእኔ ተወው» አሉትና ከጀርባው የስልክ ሶኬት ያለውን መረጡ። የድሮ ወዳጅ ያገኙ ያህል ደስ ብሏቸው ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሲገጥሙት ከነጩ ሳጥን የሚወጣው ገመድ ለስልኩ ሶኬት ሰፋበት። ሌሎቹ ቀዳዳዎች ላይ ሲሰኩት መብራት ይበራል እንጂ ኢንተርኔት የለም። ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ።

«ሳዋ ባባ፣ ግድ የለም፤ ሰኞ ማታቱ ተሳፍሬ ቢሮ እሄዳለሁ» አለች ሮሃ፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

ጋሼ ረዘነ በጣም አፈሩ። ሳጥኑን በስልካቸው ፎቶ አንስተው፣ ራውተሩንም ይዘው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ቦዳ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ ወጥተው ኢስትሊ ደረሱ።

«አላውቅም» አሉት ባንታየሁን። «አንተ ምረጥልኝ።»

ባንታየሁ ፎቶውን አየ። «ይሄ የወሰዱት ለስልክ መስመር የተሠራ ነው ጋሼ። ፋይበር ከሆነ የሳጥኑን ገመድ የሚቀበል ያስፈልግዎታል። ያስገባችሁት ፍጥነትስ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀና ለዚያ የሚበቃውን ቀየረላቸው።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ኢንተርኔቱ ገባ። አለቃዋ ፈትሾ «አልፈሻል» ሲላት ሮሃ አባቷን አንገታቸውን አቅፋ አለቀሰች። እሳቸውም ሶፋው ላይ ዘፍ ብለው እፎይ አሉ፤ እንዲህ የቀለላቸው ቀን ትዝ አይላቸውም።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ሮሃ የመጀመሪያውን ደንበኛ ስታነጋግር ናፍቆት ደረቷ ላይ ሆና ትጠባ ነበር። ጋሼ ረዘነ ከበሩ ሆነው አዩዋቸውና ኮቴያቸውን አጥፍተው ወጡ።